ግንዱን የወሰደ ሌባ

ወርቅውሃ ጠዋት ወደ ጓሮ ስትወጣ ወይኑ የለም።

የተንጠላጠለበት ዳስ ባዶውን ቆሟል። ግንዱ የነበረበት ቦታ ክብ ጉድጓድ ሆኗል። ቅርንጫፎቹ ከነቅጠላቸው ተቆርጠው አጥሩ ሥር ተጥለዋል።

አልጮኸችም። ባሏ አስረስ የሞተ ጊዜ ጩኸቷን ጨርሳለች። ቅርንጫፎቹን ለቃቅማ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ውኃ ሞላችና ነከረቻቸው። "ውኃ የሚጠጣ ነገር አልሞተም" ይል ነበር አስረስ። ከዚያ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

ሳጅን ሰልሚያ የመስቃን ገበሬ ልጅ ናት። ጓሮው ድረስ መጥታ ጉድጓዱን ሁለት ጊዜ ዞረችው።

"የጠፋው ወይኑ ብቻ ነው?"

"ብቻ አትበይ፣ እቴ።"

ነገረቻት። አስረስ በወጣትነቱ አዲስ አበባ አንድ ሽማግሌ ግሪክ ቤት አትክልተኛ ነበር። ግሪኩ ወደ አገሩ ሲመለስ ከጓሮው ወይን አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሰጠው። ዝርያው ሳቫቲያኖ ይባላል። ነጭ ወይን ነው፤ ድርቅ ይችላል፤ ከግሪክ ውጭ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው። አስረስ ቡታጅራ አምጥቶ ተከለው፣ በየዓመቱም ጠመቀው። ቀለሙ ገለባ የመሰለ፣ ጉሮሮ የማይቧጥጥ መጠጥ ይወጣዋል። የከተማው ሰው ግን "ወይን ማለት ቀይ ነው፤ ይሄ ምን ውኃ ነው?" እያለ ይስቅበት ነበር። እንደተሳቀበት ሞተ።

"ይሄም ከጠፋ ባሌን ሁለተኛ ቀበርኩት ማለት ነው" አለች ወርቅውሃ።

መጀመሪያ የተጠየቀው ጎረቤቷ ዑመይር ነው፤ በርበሬ ነጋዴው። በዚያ ወይን የተነሳ ከአስረስ ጋር ስንቴ ተጣልቷል።

"እንደምጠላው ከተማው ያውቃል" አለ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ። "ፍሬው በኔ አጥር ላይ ይረግፋል፤ የአገሩ ንብ በሙሉ እኔ ቤት ያድራል።"

"ስለዚህ ነቀሉት?"

"ወላሂ አልነካሁም። በዚህ ወገቤ? ጆንያ ማንሳት ካቆምኩ ቆየሁ። ደግሞ ልጄ፣ ወይኑን ጠላሁ እንጂ ሰውዬውን መች ጠላሁ? ሬሳውን ያጠቡት በኔ በርሜል ውኃ ነው።"

ቀጥሎ ዓብይ። የአዲስ አበባ ወይን ጠማቂ ነው፤ ለእርሻ የሚሆን መሬት ፍለጋ ወልቂጤንም እንሴኖንም አዳርሶ ቡታጅራ ሆቴል ይዟል። የአስረስን ወይን ቀምሶ ቅርንጫፍ ስጪኝ ብሎ ለምኗት ነበር። ከሙት ዓመቱ በኋላ እንጂ አሁን አይሆንም ብላ መልሳዋለች።

"መጠበቅ አቃተህ" አለችው ሰልሚያ።

ዓብይ ሳቀ። "እኔ ብሰርቅ ቁፋሮ ምን ያደርግልኛል? ስንዝር የማትሞላ ጭራሮ ኪሴ ከትቼ እወጣ ነበር። ወይን የሚባዛው በቅርንጫፉ ነው። ይሄ ሌባ የሚጠቅመውን ጥሎ የማይጠቅመውን ተሸክሟል።"

ሰልሚያ ከወርቅውሃ ጋር ባጃጅ ተሳፈረች።

"ላዩን ጥሎ ሥሩን የሚወስድ" አለች። "እናቴ እንሰት ስታባዛ እንዲህ ነው የምታደርገው። ላዩን ትቆርጣለች፤ አሚቾውን፣ ወፍራሙን ሥሩን፣ ቆፍራ ታወጣና ሰነጣጥቃ ትቀብረዋለች። ካንዱ አሚቾ ብዙ ችግኝ ይፈላል። ይሄ ሰው ወይን አያውቅም፤ እንሰት ግን ያውቃል። ጓሮሽን የሚያውቅ የእንሰት ገበሬ ማን አለ?"

ወርቅውሃ ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች። "የባሌ ወንድም ዘመድኩን።"

ዘመድኩን የሚኖረው ከከተማው በላይ፣ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ ነው። ለቅሶ ላይ ከሰው ሁሉ በላይ ያለቀሰ እሱ ነበር።

"ምን እግር ጣላችሁ? ግቡ እንጂ" አለ።

ሰልሚያ አልገባችም። ከእንሰቱ ጀርባ አዲስ ፋንድያ የለበሱ አራት ጉብታዎች አይታለች።

"እነዚህ ምንድን ናቸው፣ ጋሽ ዘመድኩን?"

"አሚቾ ቀብሬ ነው።"

"ከየትኛው እንሰት?"

"ከዚሁ ከጓሮዬ ነዋ።"

"የጓሮዎ እንሰት በሙሉ ቆሟል። የተነቀለበት ጉድጓድ የለም፤ የተጣለ ቅጠል የለም።"

"ከጎረቤት ነው ያመጣሁት።"

"ከየትኛው? እንጥራው።"

ዘመድኩን ሄዶ ጉብታዎቹ ፊት ቆመ።

ወርቅውሃ ተንበርክካ አፈሩን በጣቶቿ ጫረች። ልጡ የተላላጠ እንጨት ወጣ። ስንት ዓመት ውኃ ያጠጣችው ግንድ ነው፤ በመጥረቢያ አራት ቦታ ተሰንጥቋል።

"ያ የአዲስ አበባው ወይን ጠማቂ ግንዱ ባለበት መሬት ላይ እርሻ እከፍታለሁ፣ በአስረስ ስም ይጠራል ሲል ሰማሁ" አለ ዘመድኩን። "አንቺ ነገ ሌላ ብታገቢ የወንድሜ ስም በባዕድ ግቢ ሊቀር ነው? ካባታችን መሬት ላይ ይብቀል ብዬ ነው።"

"ገደልከው እኮ።"

"አይበቅልም?" ድምፁ የልጅ ሆነ። "አራት አድርጌው?"

"እንሰት አይደለም።"

ዘመድኩን እዚያው ፋንድያው ላይ ቁጭ አለ። ወርቅውሃ እጇን አራግፋ ተነሳች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

"የጣልከውን ግን እኔ አንስቼዋለሁ" አለችው።

ሳፋው ውስጥ ያሉት ቅርንጫፎች ሲሰነብቱ የቡቃያ ዓይን አወጡ።

ክሱ እንዲቀር ራሷ ጠየቀች። የሰፈሩ ሽማግሌዎች "ካሣውን አንቺው ቁረጪ" አሏት፤ ለእያንዳንዱ ችግኝ ጉድጓዱን ዘመድኩን እንዲቆፍር ቆረጠች። ዓብይ አተካከሉን አሳየ። ዑመይር ለችግኞቹ ጥላ የሚሆን ባዶ የበርበሬ ጆንያ ይዞ መጥቶ አጥሩን ተደገፈ።

"ጠለቅ አድርገው እንጂ" አለ። "መቆፈሩን መቼም ታውቅበታለህ።"

ዘመድኩን ራሱ ሳይቀር ሳቀ። ሲመሽ ወርቅውሃ አንዱን ችግኝ ለይታ እጁ ላይ አኖረችለት። "ይሄ ደግሞ ላባታችሁ መሬት።"

ወይኑ አፍርቶ የተጠመቀ ጊዜ ወርቅውሃ ጥቁሯን አውልቃ በነጭ ቀሚስ ቀዳች። ሰልሚያ አትጠጣም፤ ዘለላውን ይዛ እየቆረጠመች ከዑመይር ጋር ትስቃለች። ውኃ ነው ይሉ የነበሩት ሰዎች ጠርሙሱ ሳይደርሳቸው እንዳያልቅ ይጋፋሉ።

"ቀስ በሉ" አለች ወርቅውሃ። "አስረስ ለሁላችሁም ይበቃል።"