ከባሕሩ ዳር የመጣው መፋቂያ

ሳህሌ የሞተው በረንዳው ላይ ነው፤ ፊቱን ወደ ፓይን ሌክ ኩሬ እንዳዞረ፣ ማዛጋት ጀምሮ እንደተወ ሰው አፉን ከፍቶ። ጎረቤቱ ሀጂራ ማታ ያመጣችለትን የሾርባ ሳህን ልትወስድ ስትመጣ አገኘችው። መጀመሪያ የደወለችው ለአምቡላንስ ሳይሆን ለዘውድነሽ ነበር።

ዘውድነሽ አዲስ አበባ ፖሊስ ውስጥ የነፍስ ግድያ መርማሪ ነበረች። ዲቪ ደርሷት አትላንታ ከገባች በኋላ የምትመረምረው የልጆቿን ትዳር ብቻ ሆነ፤ እሱም እንቅልፍ ይነሳል። ደርሳ ዙሪያውን ቃኘች። ሾርባው ግማሹ ተበልቷል። ከሳህሌ እግር ሥር ጫፉ ተፍቆ ብሩሽ የመሰለ መፋቂያ ወድቋል። ያልተነኩት ደግሞ በሰማያዊ ሪባን ታስረው ከሸሚዝ ኪሱ ብቅ ብለዋል።

ፖሊሶቹ ሾርባውን አሽገው ወሰዱ። መፋቂያውን ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ለእነሱ እንጨት እንጨት ነው። ዘውድነሽ የወደቀውንም የኪሱንም በመሐረብ ጠቅልላ አነሳች።

የደም ምርመራው ሲመጣ የልብ መድኃኒት የሚመስል መርዝ ተገኘ። የሀጂራ ሟች ባል የልብ ሕመምተኛ ነበር፤ ኪኒኑም እስካሁን ቤቷ ተቀምጧል። መርማሪ ፖሊሱ ከተማ ለቃ እንዳትሄድ አስጠነቀቃት።

«ዕድሜ ልኬን ስሜን ጠብቄ ኖሬ፣» አለች ሀጂራ ሻሿን እያጠበቀች፣ «አሁን ‹ጎረቤቷን በሾርባ የገደለችው› ልባል ነው? እስር ቤት ልሙት?»

«ቆይ፣ አትሙቺ። ከጉዞው ወዲህ ማን መጣበት?»

ጉዞው ሳህሌ ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት ነበር። ቤት የሚያሻሽጠው እንድርያስ ሳህሌን፣ ሀጂራን፣ ለገሰንና ዘውድነሽን ጨምሮ የእድሩን ጡረተኞች በቫን ጭኖ ፖርት ኤልበርት የምትባል ጥንታዊ የባሕር ዳር ከተማ ወሰዳቸው። ለጡረተኛ ያልታሰበለት ነገር የለም፤ የፈረስ ጋሪ ሽርሽር፣ ሊፍት የተገጠመለት የመርከብ መብራት ማማ፣ ከተማዋን የሚያዞር ነጻ ትሮሊ አውቶቡስ፣ ለአረጋዊ ቅናሽ የሚያደርግ ሙዚየም፣ ባሕር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር፣ ከወንበሩም ጀርባ ውብ የመቃብር ስፍራ። እንድርያስ ለሁሉም እዚያ የሚሸጣቸውን ቤቶች የሚያሳይ፣ በሰማያዊ ሪባን የታሰረ ብሮሸር አደለ።

«እኔ ያየሁት ለገሰን ብቻ ነው፤ ያን ማታ መጥቶ ነበር፣» አለች ሀጂራ። «እንድርያስን እንዳትጠረጥሪው፣ ሩህሩህ ልጅ ነው። ያረፍንበት ሆቴል ደጃፍ የአንዲት ፈረንጅ ውሻ ያንን ሮዝ አበባ ያለውን ቁጥቋጦ ልትነክስ ስትል እንዴት ጮኾ እንደነጠቃት አላየሽም?»

ዘውድነሽ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ስቶን ማውንቴን ካለው ከለገሰ ቤት ስትደርስ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተላት።

«ልትይዢኝ ነው፣ ኢንስፔክተር?»

«ከሳህሌ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«እንድርያስ ፖርት ኤልበርት የሚሸጠውን ቤት ልገዛ ስል ከለከለኛ! ማዕበል ሲነሳ ግቢዎቹ በባሕር ውኃ ሲሞሉ በስልኩ ቀርጿል። እሑድ ለእድሩ አሳያለሁ ብሎ ለእንድርያስም በፊቱ ነገረው።»

«ሾርባውንስ ማን በላው?»

«እኔ ምን አውቄ? ፍልሰታ እኮ ነው!»

«ሳህሌ ጾም አይገድፍም፤ ማንኪያው ግን ሥራ ሠርቷል።»

ለገሰ አንገቱን ደፋ። «ሀጂራ ጾማችንን ዘንግታ የሥጋ ሾርባ አመጣች። ቅር እንዳይላት ተቀበላት። እኔን ደግሞ… ሽታው አሸነፈኝ።»

«ለፖሊስ ለምን አልተናገርክም?»

«ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን ለፖሊስ?»

«ሴትዮዋ ልትታሰር ነው እኮ፣ አንተ ሆዳም!»

እንድርያስን ስማይርና ከተማ ባለው ቢሮው አገኘችው። ጥርሱ ከግድግዳው ይነጣል።

«ቢሊቭ ሚ፣ እትዬ ዘውድነሽ፣ ከጉዞው ወዲህ ጋሽ ሳህሌን አላየኋቸውም። ሶ ሳድ። እርስዎስ? ባለ በረንዳውን ቤት ሆልድ ላድርግልዎት?»

«ውኃ ይገባዋል?»

ፈገግታው ለአፍታ ተሰነጠቀ።

በቀጣዩ እሑድ ሦስቱን ሳህሌ ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መርማሪ ፖሊሱ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ አማርኛ አይሰማም፣ ፊት ግን ያነባል። ዘውድነሽ በሰማያዊ ሪባን የታሰሩ መፋቂያዎች ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ከሳህሌ ኪስ የተገኙ ናቸው፤ ከባሕሩ ዳር የመጡ። ለመታሰቢያው አንዳንድ እንፋቅበት።»

ሀጂራ «ቢስሚላህ» ብላ ጫፉን ነከሰች። ለገሰም አማትቦ መፋቅ ጀመረ። እንድርያስ የደረሰውን በጣቶቹ መካከል ያሽከረክራል።

«አንተስ?»

«የእኔ ጥርስ የተተከለ ኢምፕላንት ነው፣ እትዬ።»

«እነሱስ? ይፋቁ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢትስ ፋይን። ይፋቁ።»

ዘውድነሽ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

«እንግዲህ ስሙኝ። ሾርባውን የበላው ለገሰ ነው፤ ይኸው ቁጭ ብሏል። ስለዚህ መርዙ በሌላ መንገድ ገብቷል። ጾመኛ ሰው የምግብ ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ አፉ ውስጥ የሚያቆየው ምንድን ነው? መፋቂያ። ከሳህሌ ኪስ ያገኘሁት ግን በጥፍሬ ስጫነው እንደ ወይራ አልጠነከረብኝም። ለመርማሪው ሰጠሁት። ኦሊያንደር ነው አሉ፤ ቅጠሉ ወይራ የሚመስል፣ አበባው ሮዝ፣ በደም ምርመራ ላይ እንደ ልብ መድኃኒት የሚታይ። ፖርት ኤልበርት ሆቴሉ አጥር ላይ ሞልቷል።»

ሀጂራ እንጨቱን ከአፏ መነጨቀችው። «ዘውድነሽ! ምንድን ነው ያስነከስሽኝ?»

«ወይራ ነው፣ እህቴ። ከክላርክስተን ገበያ የገዛሁት። የሳህሌው ፖሊስ ጋ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ በድንጋጤ ትጨርሺን!» አለ ለገሰ እየተፋ።

«መፋቂያውን የሰጠው ሰው ከጉዞው ሰዎች አንዱ መሆኑን ሪባኑ ነገረኝ። ግን ሪባኑ ሁላችንም ጋ አለ። መርዝ መሆኑን ከእኛ መሐል ማን ያውቃል? ውሻዋን ከቁጥቋጦው የነጠቀው። እንድርያስ፣ ቪዲዮው እንዳይታይብህ ከጉዞው ስንመለስ የባሕር ዳር ወይራ ነው ብለህ ሰጠኸው። ያደገበትን የወይራ መፋቂያ ጠረን የሚናፍቅ ሽማግሌ ደስ ብሎት ተቀበለህ።»

እንድርያስ መፋቂያውን ጣለው። «ትንሽ ታመው እሑድ እንዲቀሩ ብዬ ነው። ልገድላቸው አልነበረም… አይ ስዌር።»

«ላምንህ እችል ነበር፤ ቅድም ‹ይፋቁ› ባትል።»

መርማሪ ፖሊሱ ትርጉም ሳይጠብቅ ተነሳ። ካቴናው ቀጭ ሲል ሀጂራ የታኘከውን እንጨት በመዳፏ ይዛ እንድርያስን ከጫማው እስከ ፀጉሩ ተመለከተችው። ነጻ መውጣቷን ገና አልተረዳችም።

«ለውሻዋ ግን ጮኾላት ነበር፣» አለች።