የሂርጳ ወንጌል

ችካሉ ባዶ ነበር።

ዱጋሳ መጀመሪያ ወንጌሉ የወደቀ መሰለው። ተንበርክኮ ከከበሮዎቹ ሥር፣ ከተደረደሩት ጋሻዎች ጀርባ ፈለገ። ምንም የለም። ከነቆዳ ማኅደሩ፣ ከነማንገቻው ጠፍቷል።

ወጥቶ ጮኸ።

ጊዜው 1879 ዓ.ም.፣ ሐምሌ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ቦታው ከእንጦጦ ወደ የካ ሲወረድ፣ ጋራው ወገብ ላይ የተሠራው አዲሱ ዕቃ ቤት።

ዕቃ ቤቱን ያሰቡት መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ነበሩ። በየገበያው እየዞሩ ሰው ለምነዋል። «የአባቶቻችን ጋሻ በምስጥ፣ መጽሐፋቸው በጢስ እያለቀ ነው። አምጡልኝና በአንድ ጣራ ሥር ይቀመጥ፤ ልጆቻችሁ ይዩት። የሚሠራና የሚጠብቅ ሰውም እሻለሁ። ደሞዝ የለም። መሬት የለም። በፈቃዱ የሚመጣ ይምጣ።»

ሰው ሳቀ። ተገዶ መሥራትን ሁሉም ያውቃል፤ በፈቃድ መሥራት ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንድ እንጨት ጠራቢ እጁን አወጣ። «እኔ አለሁ» አለ። ዱጋሳ ነው። እሱን አይተው አሥራ አንድ ሰዎች ተከተሉ።

የዕቃ ቤቱን በር በሦስት ወር ጠርቦ የገጠመ እሱ ነው። ሚስቱ ዲንቄ ደግሞ ቤቷ ያለውን ትልቁን ነገር አመጣች፤ የአባቷን የሂርጳን ወንጌል። ለቡሄ ዕቃ ቤቱ ሲመረቅ በሰው ሁሉ ፊት ሊነበብ ነበር።

ጭቃ ሹሙ አካሉ እያነከሰ ደረሰ። የየካን ነገር ሃያ ዓመት የዳኘ፣ አፉ መራራ ሽማግሌ ነው።

«ተረኛው ጠባቂ ማን ነበር?»

«እኔ» አለ ዱጋሳ።

«በሩን ለቀህ ወዴት ሄድክ?»

«በረዶ ወረደ። ጎርፉ ከጓሮ ግድግዳውን ሊበላው ሲል ቦይ ልቆፍር ሄድኩ።»

«ሰው አየህ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲህ ሌባ አንተ ነህ፤ ወይም ከሌባ የባስክ ሞኝ ነህ።»

አካሉ ወደ ደጃፉ ጎንበስ አለ። ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ፣ ጭድ የገባበት አዲስ ጭቃ ተለስኗል።

«ይህን መቼ ለሰንከው?»

«ዛሬ እኩለ ቀን ላይ።»

ጭቃው ላይ ሁለት ዱካ ነበር። ጫማ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ጫፋቸው ወደ በሩ። ከዚያ ወዲያ፣ በቤቱ ወለል ላይ፣ ያለው የባዶ እግር ዱካ ብቻ ነው። የግራው ጫማ ተረከዙ ላይ አግድም የተሰፋ ጥጋኝ አትሟል።

አካሉ ከሠራተኞቹ ገበቴ ተቀብሎ በዱካው ላይ ደፋበት። «ይህን ገበቴ የነካ ወዮለት» አለ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም።

በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይመለስም። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይናገራል። ያ ሰው «ወፍ» ይባላል። ወፉ ማን እንደሆነ የገለጠ ሽማግሌ መሐላ አፍራሽ ነው፤ ከርጉም ይቆጠራል።

ሐሙስ ወፉ መጣ። የአካሉ ጆሮ ላይ ሦስት ቃል ተነፈሰ፦ «ዱጋሳ ነው። አይቼዋለሁ።»

አካሉ የተናጋሪውን ፊት አየ። የአፉን ትንፋሽ ሰማ። በመሐላው ታስሯልና የሰማውን ስም ብቻ ለሌሎቹ ሽማግሌዎች አስተላለፈ፤ ማን እንደተናገረ አልነገራቸውም።

ዱጋሳ ታሰረ። ፊታውራሪ በላይነህ፣ የአገሩ ገዥ፣ ከደብረ ብርሃን ቅዳሜ ይመለሳሉ። የዕቃ ቤት ሌባ ፍርዱ ቀኝ እጁን መቆረጥ ነው።

ዲንቄ አካሉን መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«ጌታዬ፣ ጠራቢ እኮ ነው። እጁን ከቆረጡት በምን ይኖራል? እኔስ በምን እኖራለሁ?»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ካወቁ ለምን ዝም ይላሉ?»

አካሉ «እስከ ቅዳሜ ሁለት ቀን አለ» ብሏት አለፈ። እንደዚያን ቀን በሹመቱ ያፈረበት ጊዜ የለም።

በየካና በቀበና ጫማ የሚያደርግ ሰው ቢቆጠር ከሦስት አያልፍም ነበር። አንደኛው ፊታውራሪው ናቸው፤ ማክሰኞ ደብረ ብርሃን ነበሩ። ሁለተኛው አርመን አንጥረኛ ነው፤ የወንጌሉን የብር ልባስ አይቶ «ሽጡልኝ፣ ሽጡልኝ» ሲል ከርሟል። ሰው ሁሉ በልቡ እሱን ጠርጥሮ ነበር።

አካሉ ሄደና ጠየቀው። «ማክሰኞ የት ነበርክ?»

«ቤቴ፣ ወናፍ ሥር።»

«ጫማህን አሳየኝ።»

አንጥረኛው እግሩን አነሣ። ቡትስ የሚሉት የፈረንጅ ጫማ ነው፤ ተረከዙ የበሬ ሰኮና ያህላል። ደግሞስ ይህ ሰው የሐበሻ ቤት ሲገባ መች ጫማ አውልቆ ያውቃል? አካሉ ተሰናብቶት ወጣ።

የቀረው አንድ ሰው ነው። አካሉም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልቡ ያውቀዋል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ፊታውራሪው መጡ። ሰው ሁሉ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ቆመ። ዱጋሳ እጁ እንደታሰረ ቀረበ። ቆራጩም መጥቷል።

«ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ አካሉ። «መሪጌታ፣ እዚህ ደጃፍ ለመጨረሻ ጊዜ የመጡት መቼ ነው?»

መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ፊታቸው አልተለወጠም። «ከእሑድ ወዲህ አልረገጥኩትም። ወንጌሉ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ሐዘኑ ከለከለኝ።»

«ሰው ሁሉ ሰምቷል?»

«ሰምቷል!»

አካሉ ገበቴውን አነሣ። ጭቃው ደርቆ ዱካው እንደ ሸክላ ጠንክሯል።

«ይህ ጭቃ የተለሰነው ማክሰኞ እኩለ ቀን ነው። አሥራ አንዱ ሠራተኞች አይተዋል። መሪጌታ፣ የግራ ጫማዎን ያበድሩኝ።»

መሪጌታው አልተነቃነቁም። አካሉ ጎንበስ ብሎ በገዛ እጁ አወለቀላቸው። ዱካው ላይ አስቀመጠው። ጥጋኙ ጥጋኙ ላይ አረፈ።

ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ።

«ሌላ ሌባ ቢሆን ከነጫማው ዘው ብሎ ይገባ ነበር» አለ አካሉ። «ባዶ እግሩን የሆነም የጫማ ዱካ አይተውም። ሊሰርቅ መጥቶ ለቅዱስ ዕቃ ጫማውን የሚያወልቅ ማን ነው? አርባ ዓመት ቤተ መቅደስ የኖረ ሰው ነው። እግርዎ ልማዱን አልረሳም።»

«የጫማ ነገር ምስክር አይሆንም» አሉ መሪጌታው። ድምፃቸው ግን ቀጠነ።

«ቤትዎ ይፈተሽ?»

«ይፈተሽ» አሉ ፊታውራሪው።

ሦስት ሽማግሌዎች ሄደው ተመለሱ። ወንጌሉን በአዲስ ሸማ ተጠቅልሎ ከቤታቸው ምሰሶ ላይ፣ ከሰው ራስ በላይ፣ ተሰቅሎ አገኙት። ቢቀብሩት ኖሮ ማንም አያገኘውም ነበር። ወንጌልን መሬት ውስጥ ለመክተት ግን እጃቸው እንቢ አለ።

አካሉ ገለጠው። መጀመሪያው ላይ አንድ የብራና ቅጠል በካራ ተቆርጧል።

«ምን ነበር የተጻፈበት?»

«የሰው ቃል ነበር» አሉ መሪጌታው። «ወንጌሉን አልነካሁም። ያቃጠልኩት የሰው ቃል ያለበትን ቅጠል ብቻ ነው።»

«የመጀመሪያው መስመር ምን ይላል?»

መሪጌታው መሬት መሬት አዩ።

«‹በስመ አብ ወወልድ› ይላል» አለች ዲንቄ ከሰው መሐል። ማንበብ አትችልም፤ አባቷ ግን በየዓመቱ ለፍልሰታ ያስነብበው ነበር። ቃሉን አንድ ሳታስቀር ተናገረችው፦ በቀድሞው ንጉሥ ትእዛዝ፣ ከቀበና ወንዝ መለስ፣ ከትልቁ ወይራ በታች፣ እስከ ነጩ ድንጋይ ድረስ ያለው መሬት የሂርጳና የልጆቹ ነው።

ሰው ሁሉ ዞሮ ተመለከተ። ትልቁ ወይራ ከበላያቸው ነበር። ነጩ ድንጋይ ከበታቻቸው። ዕቃ ቤቱ ደግሞ ከመካከል።

«ገና ሲመጣ አነበብኩት» አሉ መሪጌታው፤ አሁን እያለቀሱ ነበር። «ፊታውራሪው ጠፍ መሬት ነው ብለው ነው የሰጡኝ። ለቡሄ ቢነበብ ቤቱ ይፈርሳል። ሕይወቴን ሙሉ ያሰብኩት ቤት ነው። ለልጆቻቸው ብዬ ነው…»

«የዱጋሳ እጅስ?» አለ አካሉ። «እሱም ለልጆቻቸው ነው?»

«አንድ እጅ… ለዚህ ሁሉ ቅርስ…»

«ወፉ ማን እንደነበረ አልናገርም፤ መሐላ አለብኝ» አለ አካሉ። «ለጫማ ግን አልማልኩም።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጠራ እንግዲህ። ቀጥሎ የሆነውን ደግሞ ስሙ።

ፊታውራሪው ብዙ አላሰቡም። «ዱጋሳ ይፈታ። መሪጌታው ገዳም ገብተው ንስሐ ይግቡ። ወንጌሉ ለባለቤቱ ይመለስ። ዕቃ ቤቱ ባለበት ይቁም።»

«መሬቱስ፣ ጌታዬ?» አለች ዲንቄ።

«ቅጠሉ የታለ?»

«አሁን እኮ ሰሙ! ሰው ሁሉ ሰማ! ማቃጠላቸውን በአፋቸው አመኑ!»

«ማቃጠላቸውን ሰማሁ። የተቃጠለውን ግን አላየሁም። በሴት ትዝታ ድንበር አይከለልም።»

ዲንቄ ሰዉን አየች። አንድ እንኳ አፉን የከፈተ አልነበረም፤ አካሉም ጭምር። ይህን አካሉ እስኪሞት አልረሳውም።

ዱጋሳ የተፈታ እጁን እያሻሸ ወደ በሩ ሄደ። «ይህን የሠራሁት በፈቃዴ ነው፤ ደሞዝ አልበላሁበትም» አለ። ከዚያ በሩን ነቅሎ ጀርባው ላይ አደረገው፤ ቁልቁል ወደ ቀበና ወረደ። አሥራ አንዱም አንድ በአንድ ገቡና የየአባታቸውን ጋሻና ከበሮ ይዘው ወጡ።

በሚቀጥለው ገበያ ነጋሪት ተጎሰመ። «ለዕቃ ቤቱ በፈቃዱ የሚሠራ ይምጣ!» ሰው ቃሪያና ሽሮውን ሸመተ፣ አህያውን ጫነ፣ ሄደ። ሁለተኛም ተጎሰመ። የመጣ የለም።

በሳምንቱ ፊታውራሪው ሌላ ትእዛዝ አወጡ። በፈቃድ እንቢ ካሉ በግድ አሥራ ሁለት ሰው ይያዝ፤ አዲስ በር ይጠረብ። የመጀመሪያው ስም የዱጋሳ ነበር። ቀኝ እጁ እንደሆነ ተርፎለታል።

ትእዛዙን ማድረስ የጭቃ ሹም ሥራ ነው። አካሉ እያነከሰ ወረደ። ዱጋሳ ያንን በር ቤቱ ገጥሞት፣ ከበሩ ሥር መጥረቢያ ሲስል አገኘው። ነገሩን ነገረው።

«በፈቃዴ ነው?» አለ ዱጋሳ።

«በትእዛዝ ነው።» አካሉ ዐይኑን ማየት አልቻለም።

ዱጋሳ ተነሥቶ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አደረገ።

«ይኸኛው ይሻላል» አለ። «ቢያንስ አይዋሽም።»