የሰኞው ወተት

ጥጃ ቀላቢው አቶ መሀመድአወል በወተት ከሚቀለበው ጥጃ አጠገብ በግንባራቸው ተደፍተው የተገኙት ሰኞ ጠዋት ነው። ባልዲው ተገልብጧል፤ ጥጃው ርቦት እምቧ ይላል። ሐኪሙ ከሆዳቸው የመዥገር መድኃኒት ያለበት ወተት አገኘ።

ሮቤ ዳር ያለው የላም እርባታ፣ ወንድ የፈረንጅ ጥጃ ምን ቢበላ ብዙ ሥጋ እንደሚወጣው ለማወቅ አንዱን በወተት፣ ሌላውን በገብስ ሲቀልብ ከርሟል። ሐሙስ ሁለቱም ይታረዳሉ። የወተቱ ከበለጠ ለሠራተኛ የሚታደለው ወተት ለጥጆች ይሆናል።

«መድኃኒቱ ያለበት ክፍል ማን ይገባል?» አለች ኢንስፔክተር ፈርዶሳ።

«እኔ፣ ዘይነዲንና ነኢማ» አለ የመኖ ባለሙያው ወንዶሰን። «ሽማግሌው ደግሞ ወተቱ መሞቁን በአንድ ጉንጭ ሳይቀምሱ ለጥጃ አይሰጡም።»

ገብስ አቅራቢው ዘይነዲን ቱግ አለ። «ገብሴ እንዲያሸንፍ እፈልግ ነበር፤ ግን ወላሂ፣ ለገብስ ብዬ ሰው እገድላለሁ?»

አላቢዋ ነኢማ የሟች ልጅ ናት። ሕመምተኛ ልጇ ከእርባታው ወተት በቀር ሆዷ የሚቀበለው የለም። «አባቴ ሰኞና ሐሙስ ይጾማል» አለች እያለቀሰች። «ሰኞ የወተቱን ሙቀት በጣቱ ነው የሚለካው። አይቀምስም።»

ፈርዶሳ የሟችን ካፖርት ስትፈትሽ የተጋመሰ ኪኒን አገኘች። ሦስቱንም በረቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ይህን የሚያውቅ አለ?»

«የስኳር መድኃኒታቸው ነው» አለ ወንዶሰን። «ሐኪም ጾም ከከለከላቸው ሁለት ወር ሆነ። ‹ነኢማ እንዳትሰማ፣ የልጇ ጭንቅ ይበቃታል› ብለውን ነበር።» ዘይነዲንም ራሱን ነቀነቀ።

ፈርዶሳ ማወቋን ጠላችው። ቢሆንም ተናገረች።

«ሽማግሌውን ሊገድል የፈለገ ሰው ቀን አይመርጥም፤ በየቀኑ ይቀምሳሉ። ጥጃውን ብቻ ሊጎዳ የፈለገ ግን የማይቀምሱበትን ቀን ይመርጣል። ሰኞ አይቀምሱም ብሎ የሚያምን እዚህ ግቢ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ነኢማ ጭድ ላይ ተቀመጠች። «ጥጃው እንዲከሳ ብዬ ነው… ልጄ ወተት እንዳታጣ። ለምን አልነገረኝም? አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። ለነኢማ አሁን ይህ ተረት ምን ይፈይዳል? ፈርዶሳ ደግፋ አስነሳቻት።

ሐሙስ ሥጋው ተመዘነ። የገብሱ ጥጃ በስምንት ኪሎ በለጠ። የሠራተኛው የወተት እደላም እንደነበረው ቀጠለ።

የነኢማን ድርሻ ፈርዶሳ ራሷ ለሕመምተኛዋ ልጅ ወሰደችላት። ልጅቷ ጣሳውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

«አያቴ ነው የላከልኝ?»

ፈርዶሳ ሌላ ምን ትበል? «አዎ» አለቻት።