ሳያልቅ አይነገርም

ዘርፌ የኮሌጁን ፖስታ የደበቀችው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ነበር። በነሐሴ ወር ሙቀት ኳታር፣ ዶሃ ላይ ብርድ ልብስ የሚያገላብጥ ሰው ስለሌለ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልታያትም። በፖስታው ውስጥ የነበረው ግን የተሰረቀ ዕቃ አልነበረም። ልጇ ሐዊ ኮሌጅ መግባቷን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የኦረንቴሽኑ፣ ማለትም የአዲስ ተማሪዎች መቀበያና መመዝገቢያ ቀን ፕሮግራምና የመጀመሪያው ሴሚስተር ትምህርቶች ዝርዝር ነበር። እንኳን ሊደበቅ፣ እልል ሊባልበት የሚገባ ወረቀት!

«ሳያልቅ አይነገርም» ትላለች ዘርፌ። አመሉ የእሷ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን ቪዛውም፣ ሥራውም፣ ትምህርቱም ከእጃችን እስኪገባ ድረስ ከወዳጅ እንደብቃለን። እሷ ደግሞ ምክንያት አለኝ ባይ ናት። ከዓመታት በፊት ወንድሟ የካናዳ ቪዛ ሲጠይቅ ደስ ብሏት ለሥራ ባልደረቦቿ አወራች፤ በሁለተኛው ሳምንት ተከለከለ። ኤምባሲው አንድ ማስረጃ መጉደሉን በጽሑፍ ገልጾ ነበር። ዘርፌ ግን «የሰው ዓይን ነው» ብላ ደመደመች። በምርመራና በመድኃኒት የምታምን ነርስ ናት፤ በዚህ ጉዳይ ግን ምርመራ የሚባል ነገር አላስፈለጋትም።

አል ነስር ሰፈር ባለው ሕንፃቸው ውስጥ አብልጣ የምትጠረጥረው አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖረውን ሰዕዲያን ነበር። ሰዕዲያ የወሎ ሴት ናት፤ አል ገራፋ በሚባል ሰፈር በአንድ ቪላ ምግብ ታበስላለች። ልጇ ሱመያ ሐዊን በተቀበለው በዚያው ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ልትጀምር ነው። ሌላ እናት ብትሆን ሮጣ ሄዳ ስለ ኮሌጁ ትጠይቃት ነበር። ዘርፌ ግን ደረጃው ላይ ኮቴዋን ስትሰማ እንኳ በሯን ቀስ አድርጋ ትዘጋለች።

አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ተገናኙ።

«ዘርፊዬ፣ ሐዊን የት ልታስተምሯት አሰባችሁ?» አለች ሰዕዲያ።

ዘርፌ በልቧ ቆጠረች። በዚህ ወር ስትጠይቃት ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ምን አስጨነቃት? የእኔ ልጅ የእሷን ልጅ እንዳትስተካከልባት ነው?

«አዲስ አበባ ልንልካት ነው» አለች ፊቷን ወደ ሊፍቱ በር አዙራ።

«ውይ! እዚሁ ብትሆንልን እንዴት ጥሩ ነበር። ሱመያ ዘንድሮ በምዝገባው ትረዳለች። ቀድመው ካልያዙት ቶሎ የሚሞላ ትምህርት አለ አሉ፤ እሷ ልታሳያት...»

«ኸላስ፣ አልቋል፤ ቲኬቷ ተቆርጧል» ብላ ዘርፌ አቋረጠቻት።

«ማሻአላህ! እንግዲህ በሰላም ትግባ።»

ዘርፌ ያንን «ማሻአላህ» ቤቷ ገብታ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ እንኳ ልታምነው አልቻለችም። የአውሮፕላን ቴክኒሽያን የሆነው ባሏ ቶማስ የሆነውን ስትነግረው ሳቀባት።

«መንገዱን የምታውቀውን ሴትዮ አባረሽ ብቻሽን ልትሄጂ? ብትጠይቂያት ምን አለበት?»

«አንተ ሰው ሁሉ እንዳንተ የዋህ ይመስልሃል።»

ቶማስም ክርክሩ ሰለቸውና ተወው። እናትና ልጅ በሩን ቆልፈው የትምህርቱን ዝርዝር ለብቻቸው ያገላብጡ ጀመር። ሐዊ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው ፋርማሲን ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ ምልክት አደረገች።

«እማዬ፣ ኬሚስትሪው ላይ ‹ቦታው ውስን ነው› ይላል። ሱመያን አንዲት ጥያቄ ብቻ ልጠይቃት?»

«ሄደን እናየዋለን አልኩ! ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ።»

የኦረንቴሽኑ ቀን ደረሰ። ደብዳቤው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተገኙ ይላል። ዘርፌ ግን ሰዕዲያ ለሥራ እስክትወጣ መስኮት ላይ ቆማ ጠበቀች። የቪላው መኪና መጥቶ ይዟት እስኪሄድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አለፈ። ሐዊ ልብሷን ለብሳ፣ ወረቀቶቿን ታቅፋ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

የኮሌጁ አዳራሽ በተማሪና በወላጅ ተሞልቷል። ለየትምህርቱ አንድ አንድ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ተማሪው እየዞረ ይመዘገባል። ሐዊ በቀጥታ ወደ ኬሚስትሪው ስትራመድ ዘርፌ ክንዷን ያዘችና ወፍራም ምሰሶ ጀርባ ጎተተቻት።

«እንዴ፣ ምን ሆንሽ?»

«ዝም በይ! ሱመያ ናት።»

እውነትም ሱመያ ናት። የበጎ ፈቃደኞቹን ቢጫ ሰደርያ ደርባ፣ መዝገቡን ከፊቷ ዘርግታ ስም ትጽፋለች።

«እና ምን ይሁን? ትምህርት ሲጀመር በየቀኑ ልታየኝ አይደል?»

«ያኔማ ምዝገባው ያልቃል፤ ምንም አታደርግሽም። አሁን ግን ወረቀትሽ በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። ስምሽን ሆን ብላ ብትዘለውስ? ትንሽ ቆይታ መነሣቷ አይቀርም፤ እስከዚያ ሌላውን እንጨርስ።»

ሌላውን ጨረሱ። ሱመያ ግን አልተነሣችም። እናትና ልጅ እንደ ሌባ ከምሰሶ ምሰሶ እየተሸሸጉ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቁ። ሐዊ ሌሎች ልጆች በየተራ ሲመዘገቡ እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። በመጨረሻ ሱመያ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ስትነሣና አንድ ሰውዬ ሲተካት ሮጠው ደረሱ።

«ኬሚስትሪ ሞልቷል» አለ ሰውዬው መዝገቡን እያጠፈ። «የመጨረሻዋ ቦታ አሁን ነው የተያዘችው። የሚቀጥለው የዛሬ ዓመት ነው።»

«ፋርማሲስ?» አለች ሐዊ።

«ያለ ኬሚስትሪ አይጀመርም። አንድ ዓመት መጠበቅ ነው።»

ታክሲ ውስጥ ሐዊ አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ «እማዬ፣ እነሱ ምንም አላደረጉኝም። ስንደበቅ ነው ተራዬ ያለፈው» አለች። ዘርፌ ልጇን ማቀፍ ፈለገች፤ ግን አፈረች።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ደረጃውን ወርዳ የሰዕዲያን በር አንኳኳች። ቁጭ በይ ብትባል እንኳ አልተቀመጠችም።

«ሐዊ አዲስ አበባ አትሄድም። ዋሽቼሻለሁ። ልጅሽ የምትማርበት ኮሌጅ ነው የገባችው፤ ምቀኛ መስለሽኝ ነው የደበቅኩሽ።»

ሰዕዲያን ቃሉ እንደጎዳት ፊቷ ላይ ይታያል።

«አውቃለሁ» አለች። «ሱመያ አይታችኋለች።»

«የት?»

«ከምሰሶው ኋላ ስትገቡ። ልትጠራችሁ ፈልጋ ነበር፤ ግን ‹እትዬ ዘርፌ ውሸቷ የተጋለጠባት መስሏት ሰው ፊት ታፍራለች› ብላ ተወችው። ይመጣሉ ብላ ለሐዊ አንድ ቦታ ይዛ ቆየች። እሷ ለሶላት ስትነሣ ነው ሰውዬው ‹ባዶ ቦታ አይያዝም› ብሎ ለሌላ ልጅ የሰጠባት። ወላሂ፣ ልጄ ከመጣች ጀምሮ ምግብ አልቀመሰችም።»

ዘርፌ የበሩን መቃን ይዛ አለቀሰች። ስትፈራው የኖረችው ምቀኛ የልጇን ቦታ በእጁ ይዞ ሲጠብቃት ነበር፤ ቦታውን ያስወሰደችው እሷው ራሷ ናት። ሰዕዲያ እጇን ይዛ አስገባቻትና ሱመያን ጠራቻት። ሱመያም ወደ ላይ ወጥታ ከሐዊ ጋር የቀሩትን ትምህርቶች አስተካከለች፤ ኬሚስትሪውን ግን ማንም ሊመልሰው አልቻለም።

ወላጆች ሆይ፣ ምቀኛ የለም አንልም፤ ይኖራል። ግን ስንቱ ምቀኛ ነው ብለን የሸሸነው ሰው የምናጣውን ዕውቀት ይዞ በራችን ላይ ቆሞ ይሆን? ልጆቻችን ትምህርት ሲመርጡ ያለፈበትን ሰው እንጠይቅ፣ ሲጠይቁም አንከልክላቸው።

ዘርፌ ዛሬ በምትሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጄ ኮሌጅ ልትገባ ነው፤ ለማንም እንዳትነግሪ» የሚላት ባልደረባ ሲያጋጥማት ወንበር ስባ ታስቀምጠዋለች። ከዚያም ሐዊ እኩዮቿ ሁለተኛ ዓመት ሲገቡ አንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ ክፍል ለመቀመጥ እንደተገደደች፣ ያስገደደቻትም ማን እንደሆነች፣ አንድም ሳትደብቅ ትነግረዋለች።