ማኅተም የታሰረበት የአሸዋ ብር

አሮጌው ንጉሥ ባረፉ በሦስተኛው ዓመት፣ ባሕሩ ከወደቡ ርቆ በሸሸበት ማለዳ፣ አንዲት አጣቢ የጨው ውሃ የሞላበት ገበቴ ታቅፋ ችሎት ገባች። ተከሳሹ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ጠላቂ ነበር፤ ሦስት ወር በእግር ብረት ተይዞ ሳንባው ክፉኛ ታሟል፤ ሌላ ወር ከከረመ በሕይወት እንደማይወጣ እሷም ታውቃለች፣ የወህኒው አዛዥም ያውቃል።

ጥፋቱ አፉን አለመዝጋቱ ነው። የቤተ መንግሥቱ ሊቅ በንጉሡ ስም ባሳተሙት ታላቅ መጽሐፍ፣ ሰዉ «የአሸዋ ብር» የሚለው ክብና ነጭ ነገር ማዕበል የጠረበው ድንጋይ ነው፣ በጀርባው ያለው ባለ አምስት ቅጠል አበባም ውሃ የሣለው ነው ብለው ነበር፤ ጠላቂው ግን በገበያ መካከል «ድንጋይስ የሊቁ ራስ ነው! የአሸዋ ብር ይበላል፣ ይሄዳል» ብሎ ሳቀ። የንጉሡን መጽሐፍ አዋረደ ተብሎ ታሰረ።

አጣቢዋን የሚያንገበግባት ሌላ ነው። ወንድሟ ከባሕር የሚያወጣውን ሁሉ በአመድ ውሃ ቀቅላ፣ በፀሐይ አንጥታ ለሊቁ የምታቀርበው እሷው ናት፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሊቁ ያልታጠበ አይተው አያውቁም። የተሳሳቱት በእሷ እጥበት ነው።

ገበቴውን አስቀመጠች። ከውሃው ሥር ባለው አሸዋ ላይ እንደ ከፋይ በለሰለሰ ጥቃቅን እሾህ የተሸፈነ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ክብ ነገር ነበር፤ እሾሁን እያርመሰመሰ በጠርዙ ቀስ ብሎ አሸዋው ውስጥ ይገባል።

«ይህ የእኔ ድንጋይ አይደለም፤ የባሕር ተባይ ነው» አሉ ሊቁ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ። «ክቡር ዳኛ፣ መጽሐፌን የምታርመው አጣቢ ናት?»

«ጌታዬ፣ እኔ አጥቤ የሰጠሁዎን እኮ ነው የጻፉት! ይህም ሲታጠብ ያው ነው።»

«አፍሽን ያዢ! አጥባለሁ ብለሽ በነጩ ድንጋይ ልትለውጪው ነው፤ ዘራችሁ ሌባ ነው።»

ሽማግሌው ዳኛ ጎንበስ ብለው አዩ። ክቡ ከላይ እስከ ታች ያለፉ ጠባብ ቀዳዳዎች ነበሩት፤ በአንዱ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አሳለፉና ጫፉን በእርሳስ ማኅተማቸው አተሙት።

«እዚሁ ግቢ፣ ዘበኛ ፊት እጠቢው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እኔ ሦስት ቀን ሰጥቻለሁ።»

ገልብጣ አየችው፤ በሆዱ መካከል ትንሿ አፉ ገና ትንቀሳቀሳለች። «ይቅር በለኝ» አለችውና ወደ ፈላው ውሃ ጨመረችው። ምስክሯን ካልገደለች ወንድሟ ይሞታል።

በሦስተኛው ቀን እሾሁ ረግፎ፣ መልኩ ነጥቶ፣ አበባው ወጥቶ ችሎት ቀረበ፤ ሽቦውና ማኅተሙ እንዳሉ ናቸው። አጣቢዋ ሊቁ ጆሮ ሥር ሄዳ ነቀነቀችው፤ ውስጡ ተንኳኳ።

«አምስት ናቸው። ድንጋይ ጥርስ አለው ወይ ጌታዬ?»

ሊቁ ፊታቸው ደም መሰለ። «ጊዜ ሰጠሽ፤ ከእንግዲህ ግን ደጄን እንዳትረግጪ!»

«ደጅዎ ይቅርብኝ፤ ወንድሜን ይልቀቁልኝ!»

በዳኛው ቃል ወንድሟ ተለቀቀ። ባሕር ግን ዳግመኛ አልጠለቀም፤ በባሕሩ ዳር ተቀምጦ እያሳለና ሊቁን እየረገመ ሁለት ዓመት ኖረ። ሊቁ በሁለተኛው እትም «ሕይወት ያለው መሆኑን እኔ መርምሬ ደረስሁበት» ብለው ዓይናቸውን በጨው አጥበው ጻፉ፤ ታሪክም ይህንኑ ተቀበለ።

ያ የአሸዋ ብር ዛሬ በሙዚየም የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። ካርዱ ላይ የሊቁ ስም አለ፤ ስለ ሽቦው ደግሞ «ግድግዳ ላይ ለመስቀል የገባ ይሆናል» ይላል።