ያልተዋጠው ክኒን

«የሚያስመልሰው ካለ ከአሁኑ ይውረድ!» አለ ሾፌሩ። «ትናንት አንዱ ጀመረና ሁሉም ተከታተሉት። ዛሬ የጀመረውን እዚያው ጥዬው ነው የምሄደው።»

ሚኒባሱ ከመርሳ ወደ ደሴ ሊነሳ ነው። በወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል፤ መናኸሪያው መኪና ባጣ ሰው ተጨናንቋል። መቅደላ መስኮቱ ጥግ ተቀምጣለች። መኪና ስለማይስማማት እናቷ ገነት ተጋፍታ የያዘችላት ቦታ ነው። የስድስት ዓመቱ ወንድሟ ሙላት እናቱ ጭን ላይ ነው፤ እሱም ከወልድያ መርሳ እስኪደርሱ ሲያስመልስ ነው የመጣው።

ገነት ከመቀነቷ አንድ የማስመለስ መከላከያ ክኒን ፈታች። መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ የቀራቸው እሱ ብቻ ነው። «ለሙላት ግማሹ ይበቃዋል። ልጄ ራሷ ሞክራዋለች እኮ!» አለች በኩራት።

እውነቷን ነው። የትምህርት ቤቷ የሳይንስ ክበብ በመኪና ሐራ በሄደ ጊዜ መቅደላ ለአንዱ ልጅ ክኒን፣ ለሌላው ሎሚ ሰጥታ፣ ለሦስተኛው ምንም ሳትሰጥ ፈትሻቸው ነበር። ያላስመለሰው ክኒን የሰጠችው የክፍል ጓደኛዋ ቢላል ብቻ ነው።

ቢላል አሁን አብሯቸው እየሸሸ በእሷና በእናቷ መሀል ተጣብቆ ተቀምጧል። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «መቅዲ፣ ያንን ክኒን አልዋጥኩትም። ሲመረኝ ተፋሁት።»

«ምን?»

«ወላሂ! ያን ቀን በኔ በኩል መስኮቱ አልዘጋ ብሎ አልነበር? ያዳነኝ ነፋሱ ነው።»

መቅደላ ደሟ ፈላ። ብታንቀው ደስ ባላት፤ ግን ጊዜ የለም። መስኮቱን በኃይል ጎትታ ከፈተችው።

«ኧረ ዝጉት፣ ነፋስ ይመታናል!» ጮኹ ከኋላ አንዲት ሴትዮ። ያ ሁሉ መድፍ እየጮኸ የሚፈሩት ነፋስ ነው!

«ልጁ ከሚያስመልስብዎት ነፋሱ አይሻልም፣ እትዬ?» አለች መቅደላ።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ተከናነቡ።

«እማዬ፣ ሙላትን የሚያድነው ነፋሱ ነው፤ ይዘሽው እዚህ ነይ። ክኒኑን ለኔ ስጪኝ።»

«አንቺስ? ካስመለሰሽ እኮ...»

«ስጪኝ።»

በእናቷና በቢላል መሀል ገብታ ክኒኑን ያለ ውሃ ዋጠችው። እውነትም መራራ ነው። ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ፤ ፈራች።

«ሾፌሩ ካወረደሽ አብሬሽ እወርዳለሁ» አለ ቢላል አንገቱን ደፍቶ።

መቅደላ አንድ ፌስታል ጭኗ ላይ ዘረጋች። «ቀና በልና እኔን እያየህ ተቀመጥ» አለችው። «ክኒኑ የተሞከረው ገና አሁን ነው።»