የእህቴ ገጽ አልተገኘም

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምነግራችሁ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው።

ሐሙስ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል... ጠራራ ፀሐይ።

አንድ ሆስፒታል ውስጥ ድረ ገጹን የምጠብቀው እኔ ነኝ። የተሰበሩ ሊንኮችን፣ ሲጫኗቸው "ገጹ አልተገኘም" የሚሉትን፣ እየለቀምኩ ማስተካከል ነው እንጀራዬ።

ድረ ገጹ ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ገጽ አለው። ሰኞ ዕለት የካርድ ክፍሉ ሽማግሌ ገጽ ጠፋ። ምን ቸገረኝ? ሊንኩን ከሠራተኞች ዝርዝር ላይ ሰረዝኩና ምሳዬን በላሁ።

ማክሰኞ "ሽማግሌው የት ሄዱ?" ብዬ የካርድ ክፍሉን ሠራተኞች ጠየቅኩ።

"የትኛው ሽማግሌ?" አሉኝ።

ወንበራቸው እንኳ የለም። የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ሳቅኩ።

ሐሙስ ኮምፒውተሩ አንድ የተሰበረ ሊንክ አወጣ።

የታናሽ እህቴ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነርስ ናት።

ወዲያው ደወልኩላት።

"ወንድሜ..." አለች በሹክሹክታ። "ሰው አይሰማኝም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"በሽተኛዋን እጇን ይዣታለሁ... እሷ ግን 'ነርስ ጥሩልኝ' እያለች ታለቅሳለች።"

የገጿን ቅጂ ፈለግኩ። የለም። ዛሬ ነገ ስል ሦስት ወር ሙሉ ቅጂ አልያዝኩም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

አዲስ ገጽ ልሠራላት ሞከርኩ። ስሟን ስጽፍ ፊደሎቹ ከኋላ ከኋላዬ ይጠፋሉ።

እንደገና ጻፍኩ... ጠፋ።

"ወንድሜ፣ እጄ አይታየኝም..."

"አለሁልሽ! ስልኩን እንዳትዘጊው!"

እያለቀስኩ ነበር። አላፍርበትም።

አንድ መላ ብቻ ቀረኝ። የተሰበረን ሊንክ ወደሚሠራ ሌላ ገጽ ማዞር ይቻላል። እንግዳው ባዶ ቤት እንዳይገባ፣ ጎረቤት ቤት እንደ ማስገባት ነው።

ወደ ማን ገጽ ላዙራት? ማን ላይ ልጣላት?

ወደ ራሴ ገጽ አዞርኳት።

ስልኩ ተቋረጠ።

ኮምፒውተሩ ላይ እንዲህ ይላል፦ የተሰበሩ ሊንኮች ዜሮ።

መልሼ ደወልኩ። አይጠራም። እናታችን ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ እህቴ ደውላልሻለች?"

"የምን እህት?" ብላ ሳቀች። "ካንተ ሌላ ማን አለኝ፣ አንድ ልጄ?"

ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ድምፅ ወጣ... የእኔ ግን አይደለም።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ..."

እናቴ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"ልጄ... ማናት አጠገብህ ያለችው?"

ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ነኝ።

ስልኩን ጥዬ አፌን በሁለት እጄ አፈንኩ።

ድምፁ አሁንም መጣ። ከደረቴ ውስጥ...

"ወንድሜ... እዚህ ውስጥ ጠበበኝ።"